የነፃነቱ ዘመን ሕልም ተዘረፈ ወይስ ከመነሻው ነቅዞ ነበር? አንድ ክርና 45 መልሶቹ

ክሩን፣ ማለትም የመድረኩን ውይይት፣ የከፈተው ሰው ጥያቄ አልጠየቀም። በቀጥታ ፍርድ ሰጠ። የአፍሪካ መሪዎች በነፃነት ማግስት የሳሉት መጪ ዘመን አልከሸፈም፣ ተዘረፈ ነው ያለው። ማስረጃው ጋና ነበረች። ጋና ማርች 6 ቀን 1957 ነፃ ወጣች (ዓመቶቹ የእኛ ናቸው ካላልኩ በቀር ሁሉም የፈረንጆቹ ናቸው)። መሪዋ ክዋሜ ንክሩማ አሥር ዓመት ሳይሞላቸው ወደብ ከፈቱ፣ ቴማ የምትባል ከተማ ቆረቆሩ፣ የቮልታን ወንዝ አኮሶምቦ ላይ ገደቡ። ግድቡ በጃንዋሪ 1966 ተመረቀ። በወሩ፣ ፌብሩዋሪ 24፣ ንክሩማ ወደ ሃኖይ ሲያቀኑ ቤጂንግ ላይ እያሉ ወታደሮች መንግሥታቸውን ገለበጡ። አገራቸውን ዳግም በሕይወት አላዩም። በ1972 ቡካሬስት ውስጥ ሞቱ። የክሩ ባለቤት ከዚህ ተነስቶ ሕልሙን ሕዝቡ እንዳልጠላው፣ የገደሉት ወታደርና የውጭ እጅ እንደሆኑ ደመደመ። የማይስማማ ካለ እንዲሞግተውም ጋበዘ። መጡለት።

የመጀመሪያው መልስ ጨዋ ነበር። ጸሐፊው አመስግኖ ጀመረና ነገሩን ወደ አዲስ አበባ አመጣው። በሜይ 1963 ንክሩማ አፍሪካ አዳራሽ ውስጥ አህጉሪቱ አንድ መንግሥት፣ አንድ መከላከያ፣ አንድ ገንዘብ እንድትይዝ መሟገታቸውን አስታወሰ። ሌሎቹ መሪዎች አዳመጧቸው፤ ከዚያ ላላ ያለውን የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ቻርተር ፈረሙ። ፈራሚዎቹ 32 አገሮች ነበሩ። ለዚህ ሰው ዝርፊያው የተጀመረው እዚያው፣ በወንድሞች እጅ ነው። አንድ ነገር ከራሴ ልጨምር። ዛሬ የንክሩማ ሐውልት የቆመበት የአፍሪካ ኅብረት ግቢ የቀድሞው የዓለም በቃኝ እስር ቤት ቦታ ነው። ከርቸሌ ፈርሶ ነው ያ ሁሉ ሕንፃ የተሠራው። ይህን ለሚከተለው ክርክር ያዙልኝ።

ሁለተኛው መልስ እርማት ይዞ መጣ። ቀኖቹ ልክ ናቸው፣ መደምደሚያው ግን አይደለም የሚል ነው። በግልበጣው ማግስት የአክራ ሰው አደባባይ ወጥቶ ጨፍሯል። የንክሩማ ሐውልትም ተጎትቶ ወድቋል። ከ1958 ጀምሮ ሰውን ያለ ፍርድ እስከ አምስት ዓመት ማሰር የሚፈቅድ ሕግ ነበር። በ1964 አገሪቱ በሕግ ባለ አንድ ፓርቲ ሆነች። በ1948 እንግሊዞች ከንክሩማ ጋር ያሰሯቸው የነፃነት ታጋይ ጄ. ቢ. ዳንኳ በ1965 የሞቱት በነፃይቱ ጋና እስር ቤት ነው። ጸሐፊው ይህን ሁሉ ያለ አንድ ስድብ ጻፈው። ከዚያ በኋላ እንዲህ ያለ ትዕግሥት ክሩ ላይ እምብዛም አላየሁም።

ሦስተኛው በጥቂት መስመር ሁለቱንም ገላመጠ። ፖለቲካው ቀርቶ የካካዎ ዋጋ ይታይ ነው ነገሩ። ጋና ነፃ ስትወጣ ለንደን የተቀመጠ ወደ 200 ሚሊዮን ፓውንድ የሚጠጋ መጠባበቂያ ነበራት። ያ ገንዘብ አለቀ፣ ብድር ተተካ፣ በ60ዎቹ አጋማሽ የካካዎ ዋጋ ሲወድቅ ሁሉም ነገር አብሮ ተንገዳገደ። ሕልም በአንድ ሰብል ላይ ከቆመ ዘራፊ አያስፈልገውም የሚል ነው።

አራተኛው እንግዲህ የምናውቀው ሰው ነው። በየክሩ አይጠፋም። እኛ ቅኝ ስላልተገዛን የተገዙት ሰዎች ሕልም እንደማይመለከተን፣ የአድዋ ልጅ በጋና ጉዳይ መጨቃጨቅ እንደሌለበት ጻፈ። አምስተኛው በለዘብታ መለሰለት። መጪውን ዘመን ከሰው አናት በላይ ለመሳል ቅኝ መገዛት ግዴታ አይደለም አለ። የንጉሡ መንግሥት የመጀመሪያውን የአምስት ዓመት ዕቅድ ያወጣው ጋና ነፃ በወጣችበት በዚያው ሰሞን ነው። ደርግም የአሥር ዓመት መሪ ዕቅድ ነበረው። አራተኛው ግን አልተረታም፤ ዘጠነኛ ላይ ተመልሶ መጥቶ ያንኑ በትልልቅ ነጥቦች ደገመው።

ክሩን ነፍስ የዘራችበት ስድስተኛዋ ናት። ከአክራ ነው የምትጽፈው። እዚያ ትዳር ይዛ ከኖረች ቆይታለች። ማን ዘረፈ ከሚለው በፊት ማን ከፈለ የሚለው ይጠየቅ ብላ ከቴማ ጀመረች። ከተማዋ ከመቆርቆሯ በፊት ቦታው የዓሣ አጥማጆች መንደር ነበር። ለወደቡ ሲባል ሰዎቹ ተነስተው ቴማ ማንሂያን ወደሚባል አዲስ ሰፈር ሄዱ። ሰፈሩን የነደፉት ማክስዌል ፍራይና ጄን ድሩ የተባሉ እንግሊዛውያን ባልና ሚስት አርክቴክቶች ነበሩ። ዓሣ አጥማጆቹ አንነሳም ብለው ለዓመታት ተሟገቱ። አማልክቶቻቸው፣ መቃብሮቻቸው፣ የጀልባ ማቆሚያቸው እዚያው ነበሩ። የተነሱት ተገደው ነው።

ከዚያ ወደ ግድቡ አለፈች። ቮልታ ሲገደብ ወደ 80 ሺህ ሰው ከቤቱ ተነሳ፣ በ52 አዳዲስ መንደሮች ሰፈረ። ለአንድ ቤተሰብ የተሰጠው ቤት ያላለቀ ቤት ነበር። መሠረቱና ጣሪያው ይዘጋጃል፣ አንዱ ክፍል ብቻ ይጨረሳል፣ ቀሪውን ባለቤቱ በራሱ እንዲሠራ ይተዋል። መሬቱ ጠባብ፣ ገንዘቡ ትንሽ ስለነበር ብዙዎቹ አልጨረሱትም፣ ጥለው የሄዱም ጥቂት አይደሉም። ሐይቁ 8,500 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል ሸፈነ። ዓሣ አመጣ፣ ቢልሃርዝያም አመጣ።

ኤሌክትሪኩስ ለማን ሄደ? እዚህ ላይ መልሷ ጠበቅ አለ፣ እኔም ሁለቴ ነው ያነበብኩት። የመጀመሪያው ሐሳብ የጋናን ቦክሳይት ከመሬት አውጥቶ፣ አገር ውስጥ አጣርቶ፣ በቮልታ ኃይል አሉሚኒየም ማድረግ ነበር። አበዳሪዎቹ፣ ማለትም የዓለም ባንክ፣ አሜሪካና እንግሊዝ፣ ኃይሉን በብዛት የሚገዛ ደንበኛ ቀድሞ እንዲገኝ ፈለጉ። ደንበኛው የአሜሪካው ካይዘር የሚመራው ቫልኮ ሆነ፤ ቴማ ላይ ማቅለጫ ሊሠራ። ለረጅም ዓመታት የሚጸና እጅግ ርካሽ የመብራት ዋጋ ተፈረመለት። ኩባንያው ግን የጋናን ቦክሳይት አልነካም። የተጣራውን ጥሬ ዕቃ ከውጭ በመርከብ እያመጣ አቅልጦ መልሶ ይጭነው ነበር። ጋና ራሷ ከግድቡ ወጪ ግማሹን ከፍላ ለሌላ ሰው ምድጃ ማገዶ አቀረበች። ከተነሱት ሰዎች መንደሮች ብዙዎቹ መብራት ያገኙት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

ይህን ሁሉ ብላ ግን ግድቡን አልረገመችም። ዛሬም ቤቷ ከሚበራው መብራት የተወሰነው ከዚያው ግድብ እንደሚመጣ፣ ዝናብ ሲያጥርና ሐይቁ ሲጎድል ጋናውያን ዱምሶር የሚሉት የመብራት መጥፋት ሲመጣ ደግሞ ሁሉም ሰው ንክሩማን እንደሚያስታውስ ነገረችን። አማቾቿ በአንድ ማዕድ ላይ ሰውየውን አምላክም ሰይጣንም ሲያደርጉት ሰምታለች።

ግድብ ከተነሳ ወዴት እንደምንሄድ ታውቃላችሁ። ሰባተኛው ሕዳሴን አነሳ። በ2011 ተጀምሮ በሴፕቴምበር 2025 የተመረቀው፣ 5,150 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ግድባችን በቦንድና በመዋጮ መሠራቱ ከአኮሶምቦ ትልቁ ልዩነቱ ነው አለ። ለአበዳሪ ሲባል የተፈረመ የዋጋ ውል የለበትም። ጥሩ ነጥብ ነበር፣ እዚያው ቢቆም። ስምንተኛው ፉከራ ጨመረበት። ዘጠነኛውን ነግሬያችኋለሁ። አሥረኛው ስለ ግብፅ ጀመረ። አወያዩ ገብቶ የዓባይ ክር ሌላ ቦታ እንዳለ አስታውሶ ሦስት መልስ ሰረዘ። ቁጥሩ እንዳይዛባ ባዶ ቦታቸውን ትቶልናል።

አሥራ አራተኛው መልስ የአንድ ትልቅ ሰው ነው። ጋሼ እያልን ነው የምንጠራቸው። በእኛ በ1967 ዓ.ም. ለዕድገት በኅብረት ዘምተው ነበር። ወደ 60 ሺህ የሚጠጋ ተማሪና አስተማሪ በወጣበት በዚያ ዘመቻ፣ ማታ ማታ በየዘማቹ ቤት የታንዛኒያ መንደሮች ጉዳይ ይወራ እንደነበር ጻፉ። ገበሬው በአንድ መንደር ይሰባሰባል፣ ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክ፣ ውኃ በአንድ ቦታ ያገኛል። ማንም ክፉ አላሰበም። ከአሥር ዓመት በኋላ ያው ሐሳብ መንደር ምሥረታ ተብሎ ሐረርጌ ላይ ሲጀመር እሳቸው የመንግሥት ሠራተኛ ሆነው አዩት። ቤት በገመድ ተለክቶ እንደ ሰልፈኛ ተደረደረ። ገበሬው የጎጆውን ጣሪያ ተሸክሞ ተሻገረ። እርሻው ራቀ፣ ከብቱ ጠበበው። በማርች 1990 ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ግን ገበሬው አዋጅ አስፈጻሚ አልጠበቀም፤ እንጨቱን ነቅሎ ወደ ድሮ ቦታው ተመለሰ። በሳምንታት ውስጥ የፈረሱ መንደሮች ነበሩ። ጋሼ ፍርድ አልሰጡም። ያዩትን ነግረው አበቁ።

አሥራ አምስተኛው ልጅ ያልተባለ ነገር ሰማ። እሳቸውን የደርግ ናፋቂ አደረጋቸው፣ ያውም አንተ እያለ። አሥራ ስድስተኛዋ ተነስታ አንድ ሰው ባልተናገረው ነገር መከሰስ እንደሌለበት፣ ከዚያ በላይ ደግሞ አባቱ ሊሆኑ የሚችሉ ሰው አንተ መባል እንደሌለባቸው ነገረችው። ልጁ ተመልሶ እርስዎ ብሎ ጻፈ። ክሱን ግን አላነሳም፤ በአክብሮት ደገመው። ጋሼ የሳቅ ምልክት ብቻ ላኩለት።

ስለ ታንዛኒያ በቅጡ የጻፈልን አሥራ ስምንተኛው ነው፤ አሩሻ ለሥራ የኖረ ሰው። የታንዛኒያው ፕሬዚዳንት ጁሊየስ ኔሬሬ በፌብሩዋሪ 1967 የአሩሻን የሶሻሊዝም አዋጅ ሲያወጡ ኡጃማ በፈቃድ ነበር። ሰው ወዶ ይሰባሰባል፣ አብሮ ያርሳል፣ መንግሥት ይረዳዋል። ሰው ግን በተፈለገው ፍጥነት አልተሰባሰበም። በኖቬምበር 1973 በመንደር መኖር ትእዛዝ ሆነ፣ እስከ 1976 መጨረሻ ሁሉም እንዲገባ ተባለ። ቢያንስ 5 ሚሊዮን ሰው ተነሳ። ሰው በመኪና ተጭኖ ተወሰደ፣ አንዳንድ ቦታ እንዳይመለስ ቤቱ ተቃጠለ። መንደሮቹ ለአስተዳደር እንዲመቹ መንገድ ዳር ተደረደሩ፤ እርሻው ሰዓታት ርቆ ቀረ። ድርቅ ተጨመረበትና በ1974 እና 75 አገሪቱ እህል ከውጭ ሸመተች። ይህ ከመምጣቱ በፊትም ምልክቱ ታይቶ ነበር። በ1971 የገና ዕለት የኢሪንጋው ክልል አስተዳዳሪ ዊልበርት ክሌሩ፣ ሰይድ ምዋምዊንዲ በሚባል ገበሬ ማሳ ላይ ሄደው ተጨቃጨቁ። ገበሬው በጥይት ገደላቸው።

ሰውየው ሌላውን ገጽም አልደበቀም። በ70ዎቹ መጨረሻ የታንዛኒያ ልጅ ሁሉ ትምህርት ቤት እንዲገባ ተደረገ። ማንበብ የሚችለው አዋቂ ቁጥር በአፍሪካ ከፍተኛ ከሚባሉት አንዱ ሆነ። ስዋሂሊ ከመቶ በላይ ብሔረሰቦችን አግባባ። ኔሬሬ በ1985 በፈቃዳቸው ከሥልጣን ወረዱ፣ ሲወርዱም ሀብት አላካበቱም። ዛሬም አሩሻ ውስጥ ስለ መንደሩ የሚያማርረው ሽማግሌ ሰውየውን የሚጠራው ምዋሊሙ (መምህር) ብሎ ነው።

ለእኔ የክሩ ልብ አሥራ ዘጠነኛው መልስ ነው። ሦስት አንቀጽ ብቻ ነው፣ ብዙ ላይክም አላገኘም። ጸሐፊዋ ሩቩማ የሚባለውን የደቡብ ታንዛኒያ ክልል አነሳች። የአሩሻ አዋጅ ከመውጣቱ በፊት፣ በ60ዎቹ መጀመሪያ፣ የተወሰኑ ወጣቶች ሊቶዋ የሚባል ቦታ ሰፍረው በራሳቸው አብረው ማረስ ጀመሩ። ሌሎች መንደሮች ተከተሏቸው፣ የሩቩማ ልማት ማኅበርን አቋቋሙ። በስብሰባ ይወስናሉ፣ የራሳቸው ትምህርት ቤት ነበራቸው፣ የራሳቸው ወፍጮ ነበራቸው። ኔሬሬ ወደዱት፤ ኡጃማን ሲያስቡ ከፊታቸው የነበረው ምሳሌ ይህ ነው። እንግዲህ ስሙት። በሴፕቴምበር 1969 የገዥው ፓርቲ ማዕከላዊ ኮሚቴ ማኅበሩን አገደው፣ ንብረቱን ወረሰው፣ መንደሮቹን በፓርቲው ሥር አደረገ። ጥፋታቸው ፓርቲውን ሳያስፈቅዱ መሥራታቸው ነበር።

ሕልሙ እውነት የሆነበት አንድ ቦታ ነበር ማለት ነው። የዘጋው ቅኝ ገዥ አይደለም፣ ኩባንያም አይደለም። ሕልሙን በአዋጅ ያሠራጨው ፓርቲ ራሱ ዘጋው። እኔ ሃያኛው ላይ ይህንኑ በአጭሩ ጽፌ የክሩን ባለቤት ይህ ከየትኛው ዝርፊያ እንደሚመደብ ጠየቅሁት። ቶሎ አልመለሰልኝም።

ሃያ አንደኛው ከእስራኤል ነው። ነጻ በወጣች ማግሥት ወደ ታንጋኒካ (የኋላዋ ታንዛኒያ) የሄዱ የእስራኤል የእርሻና የኅብረት ሥራ ባለሙያዎች እንደነበሩ አስታወሰን። እሱ ራሱ ኪቡጽ (የእስራኤል የጋራ እርሻ መንደር) ውስጥ ሠርቶ ያውቃል። ኪቡጾቹ ከ80ዎቹ የዕዳ ቀውስ በኋላ አብዛኞቹ ለአባሎቻቸው የተለያየ ደመወዝ መክፈል ጀመሩ፣ ግን ማንም ሰው ወታደር መጥቶ አላፈረሳቸውም። ወዶ የገባ ሰው ስምምነቱን ሲቀይርም ወዶ ነው የሚል ነገር ነው። ከዚህ መልስ ቀጥሎ ያሉት አራት መልሶች ስለ ሶሻሊዝምና ስለ ካፒታሊዝም ናቸው። የሃያ ዓመት ክርክር ስለሆነ እዘለዋለሁ። አንዱ ሌላውን ካድሬ አለው፣ ሌላው እሱን የፈረንጅ ተላላኪ አለው፣ አወያዩ ሁለቱንም ለአንድ ቀን አገዳቸው።

ሃያ ስድስተኛው አየሩን ለማለሳለስ ይመስላል፣ የዛምቢያን ጠፈርተኞች አመጣ። ዛምቢያ በኦክቶበር 1964 ነፃ ልትወጣ ስትል፣ ኤድዋርድ ሙኩካ ንኮሎሶ የሚባል መምህር የጠፈር አካዳሚ ከፍቶ ከአሜሪካና ከሶቭየት ቀድሞ ጨረቃ ሊወጣ አወጀ። ማታ ምዋምባ የምትባል የ17 ዓመት ልጅና ድመቶች ሊልክ ነበር። ሰልጣኞቹን በባዶ በርሜል ከቶ ቁልቁል ያንከባልል ነበር። ዩኔስኮን 7 ሚሊዮን ፓውንድ ጠየቀ፣ አልሰጡትም። ሃያ ስድስተኛው በሳቅ ሞተ፣ የክሩም ግማሹ ሰው አብሮት። ከአዲስ ነፃ አገር መሪ ሕልም ሁሉ ይሄኛው ቢያንስ ማንንም ከቤቱ አላፈናቀለም ያለም ነበር።

ሃያ ሰባተኛው ሳቁን ቆረጠው። ሰውየውን አንቱ ብሎ ጻፈ። ንኮሎሶ በሁለተኛው ዓለም ጦርነት ለእንግሊዝ በርማ ዘምተዋል። ተመልሰው ለነፃነት ሲታገሉ ታስረው ተሰቃይተዋል። ከነፃነት በኋላ ደቡብ አፍሪካንና ሮዴዥያን (የዛሬዋን ዚምባብዌ) የሚታገሉ ድርጅቶች ጽሕፈት ቤት በያዙበት የሉሳካው የነፃነት ማዕከል ሠርተዋል። አንዳንድ የኋላ ጸሐፊዎች የጠፈሩ ነገር የነጩን ዓለም ጉራ ለማላገጥ ሆን ተብሎ የተሠራ ቧልት ነው ይላሉ፤ ሌሎች ለታጋዮች ሥልጠና ሽፋን ነበር ይላሉ። የውጭ ጋዜጠኞች መጥተው ቀርጸው ስቀው ሄዱ። እኛም ከስልሳ ዓመት በኋላ በእነሱ ፊልም እየሳቅን ነው አለ። ሃያ ስምንተኛው ሰው እንዲስቅ ፈቃድ ከማን እንደሚጠየቅ ጠየቀ። ሁለቱም ልክ ናቸው። እኔ ስለ ሰውየው ሳነብ ሁልጊዜ እስቃለሁ፣ እየሳቅሁም ማን ማን ላይ እንደሚስቅ እርግጠኛ አልሆንም።

ሠላሳኛው ከአፍሪካ አወጣን። ሕንድ የተማረ ሰው ነው። በ1947 ላሆር ለፓኪስታን ስትደርስ የሕንድ ፑንጃብ ያለ ዋና ከተማ ቀረች። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ነህሩ ከትናንት ሸክም ነፃ የሆነች ከተማ ፈለጉ፤ ቻንዲጋር ተወለደች። ሌ ኮርቡዚዬ የሚባለው ታዋቂ አርክቴክት ነደፋት፤ ሰፋፊ መንገድ፣ በቁጥር የሚጠሩ ሰፈሮች፣ ግዙፍ የኮንክሪት አደባባይ። ለከተማዋ ቦታ ለማስለቀቅ መንደሮች ፈረሱ። ኔክ ቻንድ የሚባል የመንገድ ሥራ ተቆጣጣሪ ከ1957 ጀምሮ የፈረሱትን ቤቶች ስባሪ፣ ሸክላውን፣ የተሰበረ ብርጭቆውን ሳይቀር እየለቀመ ግንባታ በተከለከለበት ጫካ ውስጥ በድብቅ የሐውልት አትክልት ቦታ ሠራ። ለዓመታት ማንም አላወቀበትም። በ70ዎቹ አጋማሽ ሲደረስበት ሕገ ወጥ ነበርና ሊፈርስ ተቃርቦ ነበር። ሕዝቡ ወደደው። በ1976 በይፋ ተከፈተ። ዛሬ ቻንዲጋር የሄደ ጎብኚ ይህን ሳያይ አይመለስም።

ቀጥሎ የመጣው ሠላሳ አንደኛው መልስ ከሁሉም ብልጥ ነበር። ወደ ስድስተኛዋ መልስ ተመለሰና ስሞቹን አያያዛቸው። ቴማ ማንሂያንን የነደፉት ፍራይና ድሩ ቻንዲጋርም ላይ ከሌ ኮርቡዚዬ ጋር ሠርተዋል። ከዚያም በፊት በጦርነቱ ዘመን ለእንግሊዝ ቅኝ መንግሥት በምዕራብ አፍሪካ የከተማ ዕቅድ አማካሪዎች ነበሩ። ቴማን ራሷን ደግሞ ነፃ ጋና የሰጠችው ለግሪኩ ኮንስታንቲኖስ ዶክሲያዲስ ነው። ይኸው ሰው የፓኪስታንን አዲስ ዋና ከተማ ኢስላማባድን ነድፏል። ሕንድና ፓኪስታን ተለያይተው የተዋጉ፣ ጋና ከሁለቱም በውቅያኖስ የራቀች፤ የሦስቱም ነገ ግን በጥቂት ሰዎች ጠረጴዛ ላይ ተሳለ። ዝርፊያ ከተባለ እርሳሱ ከመነሻው በማን እጅ እንደነበር ይታይ አለ። ስድስተኛዋ ከአክራ ብቅ ብላ ይህን እንዳላሰበችው ጻፈች።

ሠላሳ ሦስተኛው ቶማስ ሳንካራን ረስታችኋል ብሎ ተቆጣ። እሳቸው ቡርኪና ፋሶን ሲመሩ በሳምንታት ጊዜ ከ2 ሚሊዮን በላይ ሕፃናት የተከተቡበትን የ1984ቱን ዘመቻ፣ የዛፍ ተከላውን፣ ባለሥልጣን በቅንጡ መኪና እንዳይሄድ መከልከሉን ዘረዘረ። በ1987 ተገደሉ፤ ይህ ደግሞ ያለ ጥርጥር ዝርፊያ ነው አለ። የተከራከረው የለም። በሥራ ማቆም አድማ ምክንያት የተባረሩትን መምህራን ያነሳ አንድ ሰው ግን ነበር።

ከዚያ በኋላ ክሩ ወደ ዛሬ ተንሸራተተ። ሠላሳ አምስተኛው የዛሬዎቹን ሕልሞች ማየት ይሻላል ብሎ የዘፋኙን የኤኮንን ከተማ አመጣ። ሴኔጋል ውስጥ በ2018 ተነገረላት፣ በ2020 የመሠረት ድንጋይ ተቀመጠ፣ 6 ቢሊዮን ዶላር ትፈጃለች ተባለ። በ2025 የሴኔጋል ባለሥልጣናት ዕቅዱ መቅረቱን ተናገሩ። ሠላሳ ስድስተኛው ንክሩማ ቢያንስ ግድቡን ጨርሰውታል ብሎ አሾፈ። ሠላሳ ሰባተኛው ዶዶማን ጠቀሰ። ታንዛኒያ ዋና ከተማዋን ወደዚያ ለማዛወር በ1973 ወስና መንግሥት በእርግጥ የተንቀሳቀሰው ከ2016 ወዲህ ነው። አዝጋሚ ሕልም ሰው አይገድልም የሚል አስተያየት ጨምሮበታል። ይቺን ወድጃታለሁ።

የክሩ ባለቤት የተመለሰው አርባኛው ላይ ነው። ሐሳቡን አልቀየረም። እንዲያውም ሩቩማን ለራሱ ማስረጃ አደረገው። የሊቶዋ ሰዎችም ተዘርፈዋል፣ ልዩነቱ የዘራፊው ማንነት ብቻ ነው አለ። ስለ ቴማ ዓሣ አጥማጆችም ያንኑ አለ። ለአክራው ጭፈራ ግን መልስ አልሰጠም። ሁለተኛው መልስ ሰጪ፣ ያ ትዕግሥተኛው፣ አርባ አንደኛ ላይ መጣና በዚህ ጊዜ ትዕግሥቱ አለቀ። ዘራፊው ራሱ አላሚው ከሆነ የክሩ ርዕስ ትርጉም እንደሌለው፣ ኔሬሬንና ንክሩማን በተጎጂም በአጥፊም መዝገብ እየጻፉ በአንዱ ብቻ ማልቀስ ማጭበርበር እንደሆነ ነገረው። ባለቤቱም ሳይዘገይ፣ ሰው የራሱን ቤት ሊያቃጥል እንደሚችል፣ ያም ሆኖ ከውጭ ክብሪቱን ያቀበለ እንደማይረሳ መለሰ። የቫልኮን ውል በድጋሚ ጠቀሰ። እዚህ ላይ ሁለቱም ተፋፍመው ጋሼ ገብተው አረጋጓቸው። ጋሼ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከሁለት አንዳቸው ቤቱ የተነሳበት ሰው አነጋግረው ያውቁ እንደሆነ። ስድስተኛዋ ማነጋገሯን፣ ሰዎቹ ስለ ንክሩማ ሳይሆን ስላልተከፈላቸው ካሳ እንደሚያወሩ ጻፈች።

አርባ አራተኛው ይህ ሁሉ ጣጣ መንግሥት ስላለመ የመጣ ነው፣ ሕልም ለነጋዴ ይተው አለ። ምሳሌው ሌጎስ አጠገብ ሌኪ ላይ በ2023 የተመረቀው፣ በቀን 650 ሺህ በርሜል እንዲያጣራ የተሠራው የዳንጎቴ ማጣሪያ ነበር። አርባ አምስተኛዋ፣ የሩቩማን ነገር የጻፈችው፣ ማጣሪያው ያረፈበት መሬት ላይ ቀድሞ ማን ይኖር እንደነበር ጠየቀችው። አሁን ክሩ ወደ ናይጄሪያ ሄዷል።